ደርቋል ብላችሁ አትቁረጡት፦ የድሬዳዋ ዛፍ፣ ባቡሩና የኤረር ጂላል

ጥር በገባ ቁጥር ስልኬ በዛፍ ፎቶ ይሞላል። ላኪዎቹ እናንተ ናችሁ፣ የድሮ ተማሪዎቼ። ፎቶው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ ግራጫ ግንድ፣ ጨርቁ እንደተገፈፈ ዣንጥላ የተዘረጋ ራቁት ቅርንጫፍ፣ እንደ ጎራዴ አፎት የተንጠለጠለ ጥቁር ፍሬ። ጥያቄውም አንድ ነው። «ቲቸር፣ ዛፋችን ደረቀ፤ እንቁረጠው ወይስ ይተርፋል?» ዘንድሮ ደግሞ ከቶሮንቶ አንድ ፎቶ ተጨመረ። እዚያ ያለችው ልጅ በግቢዋ የተከለችው ሜፕል ነው፤ ቅጠሉ በካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው ዛፍ ዘመድ፣ ለጌጥ የሚተከለው ቀይ ቅጠሉ የጃፓን ዓይነት። ቅጠሉ ረግፏል፣ ግንዱን በጆንያ ጠቅልላዋለች፣ ዙሪያው በረዶ ነው። «ይሄስ ይነሳል?» ትላለች።

ለኤረሩም ለቶሮንቶውም የመለስኩት ያው ነው፦ ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ነገሩ ግን ከአንድ መስመር በላይ ታሪክ አለው፣ ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ረዘም ይላል፣ ሻይ ያዙ። ዓመቶቹ ሌላ ካላልኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ግን የቱ ኤረር? ከሐረር በስተምሥራቅ ወደ ባቢሌ በኩል የሚወርደው የኤረር ወንዝና ሸለቆው አለ፤ ዝሆኖቹ ያሉበት። በሶማሌ ክልል ኤረር የሚባል ዞንም አለ። የእኔ ኤረር የሲቲ ዞኑ ነው፦ ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ፣ ሁርሶን አልፎ፣ የባቡር ጣቢያው፣ ፍልውሃውና ብርቱካኑ። ብዙ ሰው ከሚቀጥለው ጣቢያ ጋር አያይዞ ኤረር ጎታ ይለዋል። እዚያ የኖረ ሰው ስለዛፍ ሲያወራ ስለውሃ ማውራቱ ነው፤ እኔም ከዚያ አልወጣም።

አሁን ወደ ዛፉ። አማርኛ እንግዳ ተክል ሲያገኝ ስም የሚያወጣለት ከየት እንዳገኘው ጠይቆ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ተባለ። በቆሎን የባሕር ማሽላ ያሉት ብዙ ናቸው። የፈረንጅ ጥድም አለ። በሬጅም ቅጠል፣ በግንቦት እሳት የሚመስል አበባ የሚያወጣው ይህ ዛፍ ግን የድሬዳዋ ዛፍ ተባለ። ባሕር ዳር ጣና ዳር ተተክሎም የድሬዳዋ ዛፍ ነው። ሐዋሳ ላይም እንደዚያው። የደጋው ሰው መጀመሪያ ያየው በባቡር ወርዶ ድሬዳዋ ላይ ስለነበር፣ ዛፉን የከተማዋ ልጅ አደረገው። በነገራችን ላይ ድሬዎች ኒምን ደግሞ ኪኒን ይሉታል፤ ምሬቱ የወባ መድኃኒቱን ስለሚያስታውስ ይመስለኛል። ስም የሚያወጣው ሕዝብ የዕፅዋት መጽሐፍ አይገልጥም፣ ምላሱንና ትዝታውን ነው የሚጠይቀው።

ዛፉ ታዲያ የድሬዳዋ አይደለም። አገሩ ማዳጋስካር ነው። የሳይንስ ሰዎች ዴሎኒክስ ሬጂያ ይሉታል፤ ሬጂያ ማለት ንጉሣዊ ነው። ፈረንሳዮች ፍላምቧያን ይሉታል፣ የሚንበለበል ማለታቸው ነው። ለአውሮፓ ያስተዋወቀው ቬንዘል ቦየር የሚባል የቦሔሚያ ሰው ነው፤ ኑሮውን ሞሪሸስ አድርጎ እዚያው በ1856 የሞተ የዕፅዋት ተመራማሪ። በ1820ዎቹ በማዳጋስካር ምሥራቅ ዳርቻ ተተክሎ አየው፣ በ1829 ደግሞ ሥዕሉና መግለጫው በእንግሊዝ አገር ታትሞ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሞቃት አገር ሁሉ ተሻማበት። ከካሪቢያን ደሴቶች እስከ ሆንግ ኮንግ፣ ከማያሚ እስከ ሞምባሳ መንገድ ዳር ተኮለኮለ። በትውልድ አገሩ ግን የሚበቅለው በምዕራብና በሰሜን ባሉ ደረቅ ደኖች ውስጥ ነው፤ እነዚያ ደኖች በከሰልና በእርሻ እየሳሱ ናቸው። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ዛፍ፣ በገዛ ቤቱ የተቸገረ።

«ደረቅ ደን» የሚለውን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ እኛ አገር የመጣበት መንገድ የባቡሩ መንገድ ነው። ፈረንሳዮች በሕንድ ውቅያኖስ ሬዩኒየንን ይዘው ቆይተዋል፣ ማዳጋስካርንም በ1890ዎቹ ያዙ። ጂቡቲን ወደብ ማድረግ የጀመሩት በ1888 ነው። አጼ ምኒልክ በ1894 ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ ከጂቡቲ በ1897 ተነሳ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ነበር። ተራራው አስቸገረ፣ ገንዘቡም አነሰ፣ ስለዚህ ሐዲዱ ከሐረር ተራራ ግርጌ በሜዳው ላይ አለፈና በ1902 መጨረሻ ቆላው ላይ ቆመ። እዚያ ባዶ ሜዳ ላይ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብሎ ነበር፣ ሕዝቡ ግን ድሬዳዋ አለው። ከደቻቱ አሸዋ ወዲህ ማዶ ሁለት ከተማ ሆነ፦ አንዱ ነጋዴው እንደፈለገ የሠራው መጋላ፣ አንዱ ምድር ባቡር በማስመሪያ ያሰመረው ከዚራ። የከዚራ መንገዶች ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ግራና ቀኛቸውም ዛፍ ነው። ድሬን ያየ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያነሳው ያንን ጥላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ብዙ ሰው የከዚራን ዛፍ ሲያነሳ «ፈረንሳዮቹ ተከሉልን» ይላል። መትከልማ ቀላል ነው፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኝ ማስገባት የአንድ ቀን ሥራ ነው። ያንን ዛፍ መጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ዓመታት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ውሃ እየቀዳ ያጠጣው ፈረንሳይ ነው? አይመስለኝም። ባልዲ ተሸካሚው፣ ቦይ ጠራጊው፣ ፍየል አባራሪው የአገሩ ሰው ነው። ኩባንያው ታሪክ ሲጽፍ መሐንዲሱን ጻፈ፤ አትክልተኛው ከመዝገብ ውጭ ቀረ።

የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረና ሐዲዱ ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። በ1908 የፍራንኮ ኢትዮጵያ ኩባንያ ተቋቋመ፣ በ1909 ሥራው ቀጠለ፣ ሐዲዱ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ኤረርም የዚህ መንገድ ልጅ ነው፤ ሐዲዱ ከድሬ ወደ አዋሽ ሲጓዝ በእግረ መንገዱ ጣቢያ ያደረገው።

ለምን እዚያ? የእንፋሎት ባቡር ሆዱ ውሃ ነው። እንጨት ወይም ከሰል ያነዳል፣ ግን የሚጎትተው እንፋሎቱ ስለሆነ በየተወሰነው ርቀት ውሃ ካልጠጣ ይቆማል። በቆላ ሐዲድ ሲዘረጋ ውሃ ያለበት ቦታ ወርቅ ነው፤ ጣቢያና ጉድጓድ፣ ጣቢያና ምንጭ ተያይዘው ይሄዳሉ። ኤረር ምንጭ አላት። በዚያ ውሃ የብርቱካን አትክልት ለመለመ፤ ብርቱካኑም ስሟን ከሐዲዱ ጋር እስከ አዲስ አበባ ወሰደው። ባቡር ላይ የሄዳችሁ በመስኮት የሚሸጠውን ብርቱካን አትረሱትም። ዛፍም እንደዚያው ነው፤ ታንከር በሚያፈስበት፣ ሰው በሚታጠብበት፣ ቦይ በሚያልፍበት አጠገብ የተተከለ ይይዛል። ከዚያ ሁለት መቶ ሜትር ራቅ ብሎ የተተከለ የፍየል ቁርስ ይሆናል።

አሁን ወደ ጥሩ ክፍሉ ደረስን።

ውጭ አገር ያላችሁ «ዊንተር»ን ክረምት ብላችሁ ትተረጉማላችሁ። ለትምህርት ቤት ፈተና ይሁን፤ ለዛፍ ግን ያሳስታል። በእኛ ክረምት ዛፍ የሚለመልምበት ነው፣ ቅጠል የሚረግፈው በበጋ ነው። የቶሮንቶዋ ልጅ «በክረምት ረገፈ» ስትል የኤረር እናቷ «በክረምት እንዴት ይረግፋል?» ብትላት ሁለቱም ልክ ናቸው። በዛፍ ዓይን ሲታይ ለዊንተር የሚቀርበው ቃል አማርኛ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሶማሊኛ ውስጥ አለ፦ ጂላል። በሲቲ ዓመቱ ለሁለት ዝናብ ይከፈላል። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ የሚጥለው ዲራዓ ነው፤ ትልቁ ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣው ካራን ነው። ጂላል ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ያለው ደረቁ ወቅት ነው። ግመሉ የሚከሳበት፣ ወተት የሚነጥፍበት፣ ሰው ውሃ ፍለጋ የሚርቅበት። የድሬዳዋ ዛፍም የሚራቆተው በዚያው ነው።

ለምን ይራቆታል? ቅጠል የውሃ በር ነው። ዛፍ ከሥሩ የሚስበው ውሃ አብዛኛው በቅጠሉ በኩል ወደ አየር ይወጣል። አፈሩ ሲደርቅ ዛፉ ሁለት ምርጫ አለው፦ በሩን ከፍቶ መድረቅ፣ ወይም በሩን ዘግቶ መጠበቅ። ማዳጋስካር ደረቅ ደን ውስጥ ያደገ ዛፍ ሁለተኛውን ከአያቶቹ ተምሯል። ቅጠሉን ይጥላል፣ ያለውን ምግብ በግንዱና በሥሩ ይይዛል፣ ይተኛል። ያዙልኝ ያልኩት ይህንን ነው፤ ድሬዳዋና ኤረር የተስማሙት ባቡሩ ስላመጣው ብቻ አይደለም፣ የአገሩን ጂላል እዚህም ስላገኘው ነው።

ሜፕልስ? ሜፕል የሚረግፈው በብርድ ነው እንላለን። ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ አረንጓዴውን ያፈርሳል፣ ቀዩ ይወጣል፣ ቅጠሉ ይወድቃል። ግን አስቡት፤ መሬቱ በረዶ ከሆነ ውሃው ድንጋይ ነው፣ ሥር ድንጋይ አይጠጣም። ለዛፍ የቶሮንቶ ዊንተርም ድርቅ ነው። ስለዚህ ጥበቡ ይገጥማል። እዚያ መሬቱ ከመጋገሩ በፊት ዛፉን በደንብ ያጠጡታል፤ ሥሩ ላይ ቅጠልና ፍርፋሪ እንጨት ይከምሩበታል፤ ለጋ ግንዱን የቀን ፀሐይ እንዳያሞቀውና የሌሊት ብርድ ልጡን እንዳይሰነጥቀው ይጠቀልሉታል። በማሰሮ የተተከለ ከሆነ ሥሩ እንዳይቀዘቅዝ ወደ መከለያ ያስገቡታል። እኛ ደግሞ ካራን ከመውጣቱ በፊት ውሃ እንዲይዝ ዙሪያውን እንገድባለን፤ ሥሩን በሣርና በገለባ እንሸፍናለን፤ ግንዱን ኖራ እንቀባለን። ኖራውን ብዙ ሰው ለበዓል ማማር ብቻ ይመስለዋል። ነጩ ፀሐዩን ይመልሳል፣ ለጋ ልጥ አይቃጠልም። የጆንያውና የኖራው ሥራ አንድ ነው።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ሜፕል ብርዱን ይፈልገዋል፤ በቂ ቀዝቃዛ ሳምንታት ካልቆጠረ በቅጡ አይነቃም። ስለዚህ «ቲቸር ችግኙን ልላክልህ?» ላልሺኝ፣ አመሰግናለሁ፣ ኤረር ላይ እንቅልፍ አጥቶ ነው የሚሞተው።

እንቅልፍን ኤረር በብርቱካኑም ያውቀዋል። ብርቱካን ቅጠሉን አይጥልም፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፤ ግን እሱም ዕረፍት ይፈልጋል። ቀዝቃዛ አገር ላይ ዕረፍቱን የሚሰጠው ብርድ ነው። ሞቃት አገር ላይ ግን ጥማት ነው፦ ለተወሰኑ ሳምንታት ውሃ ይከለከላል፣ ቅጠሉ ትንሽ ሲጠወልግ ውሃው ይለቀቅለታል፣ ያኔ አበባው ይፈነዳል። የሲሲሊ ገበሬዎች ሎሚን በዚህ ዘዴ ያለወቅቱ ያፈራሉ፤ በበጋ አስጠምተው መልሰው ያጠጡታል፣ በሚቀጥለው በጋ ገበያው ሲወደድ አረንጓዴ ሎሚ ይለቅማሉ። ማጠጣት ብቻ ሳይሆን አለማጠጣትም ሙያ ነው።

የትልቁ የድሬዳዋ ዛፍ ነገርም ይኸው ነው። ያደገ ዛፍ ቅጠሉን ጥሎ ሲተኛ «አዘንኩለት» ብሎ በየቀኑ ውሃ የሚያፈስበት ሰው አይጠቅመውም። ቅጠል ሳይኖረው ውሃውን ምን ያደርገዋል? ከባድ አፈር ከሆነ ሥሩ ይበሰብሳል። ተዉት። ልጁ ግን ሌላ ነው። የአንድ፣ የሁለት፣ የሦስት ዓመት ችግኝ ሥሩ ገና ጥልቅ ስላልሆነ ጂላልን ብቻውን አይሻገርም። ለእሱ በየቀኑ አንድ ጣሳ ከማርከፍከፍ በሳምንት አንዴ ቢጫዋን ጄሪካን ሙሉ፣ ቀስ እያሉ፣ በማታ። ጥቂት ጥቂት ካጠጣችሁት ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል፤ ጠልቆ እንዲፈልግ ውሃው መጥለቅ አለበት። ገንዳውን ከግንዱ ራቅ አድርጉት፣ ግንድ አይጠጣም። ዙሪያውን እሾህ እጠሩ። የፍየልን ነገር ለሲቲ ልጅ ማስተማር የለብኝም።

እዚህ ላይ ግን የሚያሳፍር ጥያቄ አለ፣ ሸፍኜው ማለፍ አልፈልግም። በጂላል ሴቶችና ልጆች ለአንድ ጄሪካን ውሃ ስንት ሰዓት በሚሄዱበት አገር፣ ለአበባ ዛፍ ውሃ ማፍሰስ ይገባል? አይገባም። ሰውና ከብት ይቀድማል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ለዚህ ነው ቀድሞ ቦታውን መምረጥ የሚያስፈልገው። ውሃ ለዛፍ ከመሸከም፣ ዛፉን ውሃ ወደሚወድቅበት መውሰድ። የመስጊድ ውዱዕ ውሃ በቀን አምስት ጊዜ ይፈስሳል፤ ያንን በቦይ የሚቀበል ዛፍ ማንንም አያስጠማም። የትምህርት ቤት ቧንቧ ሥር፣ የሻይ ቤት ዕቃ ማጠቢያ አጠገብ (ሳሙናው ካልበዛ) እንደዚያው። የድሮው የባቡር ጣቢያ ሕግም ይህ ነበር፦ ውሃው መጀመሪያ፣ ዛፉ ከተረፈው።

ያ ሕግ ግን ፈርሷል። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የናፍጣ ባቡር መጣ፤ ናፍጣ ባቡር እንደ እንፋሎቱ በየጣቢያው ውሃ አይለምንም። በ1977 ጦርነቱ ሐዲዱን ቆረጠው፤ ከዚያ በኋላም መስመሩ እያዘገመ እያዘገመ አሮጌው ባቡር ቀረ። አዲሱ ባቡር በ2016 ተመረቀ፣ በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ፈጣን ነው፣ ክፉ አልናገረውም። ነገር ግን ጣቢያ ሲዘጋ የሚሄደው ባቡሩ ብቻ አይደለም፤ ዘበኛው ይሄዳል፣ የታንከሩ ፍሳሽ ይደርቃል፣ ጥላ ሥር ሻይ የምታፈላው ሴት ሌላ ቦታ ትፈልጋለች። የቀረው ዛፍ የኖረው ትልቅ ስለሆነና መተኛት ስለሚችል ነው።

መተኛቱ ግን አሁን ጠላቱ ሆኗል።

በማስተምርበት ግቢ ሦስት የድሬዳዋ ዛፎች ነበሩ፤ የዚያን ጊዜ ልጆች ታስታውሳላችሁ። ዘበኛችን የኢሳ ሽማግሌ ነበሩ። እኛ ሁላችን፣ አማራው ኦሮሞው ሳንል፣ አዴር ነበር የምንላቸው፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለት ነው። የካቲት ላይ ግቢ ሊጎበኙ ከመጡት ሰዎች አንዱ ዛፎቹን አየና «የደረቀ እንጨት ለግቢ ውበት ጥሩ አይደለም፣ ይነሱ» አለ። አዴር ካራቸውን አወጡና የአንዱን ቅርንጫፍ ልጥ በጥፍር ስፋት ፋቅ አደረጉት። ከሥሩ አረንጓዴ፣ እርጥብ። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው «ጌታው፣ ግመል በጂላል ይከሳል። የከሳ ግመል ታርዳላችሁ?» አሉት። ሰውየው ሳቀ፤ ነገሩ ግን ከትእዛዝ አላለፈም፣ በሳምንቱ መንገድ ዳር ያለው አንዱ ተቆረጠ። ሁለቱን አዴር በምን ዘዴ እንዳተረፏቸው ጠይቄያቸው «ምጣዱ ደነዘዘ» ብለውኛል፤ መጥረቢያው ማለታቸው ነው፣ አማርኛውን ሆን ብለው ያጠፉት ይመስለኛል። ግንቦት ላይ ሁለቱ አብበው ግቢው ቀይ ሆነ። ልጆቹ የወደቀውን አበባ ሲለቅሙ ጉቶው መሃላቸው ነበር።

ይህንን የማነሳው ሰውየውን ለመውቀስ አይደለም፤ ደግሞም ሰዉ ብዙ ነው። ደገኛ ዓይን የለመደው ጥድና ባሕር ዛፍ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ። ለእሱ ቅጠል የሌለው ዛፍ ማገዶ ነው። አሁን ከተሞቻችን መንገድ እያሰፉ ነው፣ በየከተማው የኮሪደር ሥራ አለ፣ ዛፍ ይቆጠራል፣ የሚቀርና የሚነሳ ይለያል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ቆጠራው በየትኛው ወር ነው? በሰኔ ከሆነ ጥሩ። በጥር ከሆነ ድሬዳዋ ላይ ግማሹ ጤነኛ ዛፍ «የደረቀ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ምናችሁም አይጎዳ፣ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ጥፍራችሁን ተጠቀሙ። አረንጓዴ ከሆነ ይኖራል። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ግንዱ ወረድ ብላችሁ ደግማችሁ ፋቁ፤ ጫፉ ሞቶ ግንዱ የሚኖርበት ብዙ ጊዜ ነው።

የችግኝ ዘመቻውም እንደዚሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በእኛ አቆጣጠር፣ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ተነገረን፤ ከዚያ ወዲህም በየክረምቱ ይተከላል። መትከሉን እወደዋለሁ፣ ከተማሪዎቼ ጋር ተክያለሁ። ለሲቲም ሐምሌ የካራን ወር ስለሆነ ጊዜው ልክ ነው። ግን ካሜራው የሚመጣው በሐምሌ ነው። ችግኙ የሚሞተው በጥር ነው፣ ካሜራ በሌለበት። በጥር አንድ ቀን «የማጠጣት ቀን» ተብሎ ቢታወጅ እኔ ጄሪካኔን ይዤ ከፊት እቆማለሁ።

ለማመዛዘን ያህል የማይጠነቀቁለት ዛፍም አለን። ፕሮሶፒስን ታውቁታላችሁ፤ አፋሮች የደርግ ዛፍ ብለው ስም ያወጡለት። በረሃ ያለማል ተብሎ መጣ፣ ውሃ አልለመነም፣ ዘበኛ አልፈለገም፣ ከብቱ ፍሬውን በልቶ በየሄደበት ዘራው። አሁን ግጦሹን ይዞ አልወጣም ብሏል። ስለዚህ «እንክብካቤ የማይፈልግ ዛፍ እንትከል» ሲባል እኔ ትንሽ እደነግጣለሁ።

የድሬዳዋ ዛፍም ዓመል አለው፣ አልሸፍንለትም። ሥሩ ላይ ላዩን ስለሚሄድ ንጣፍ ያነሳል፣ አጥር ይሰነጥቃል፤ ከቤት ግድግዳና ከሽንት ቤት ጉድጓድ ቢያንስ ሰባት ስምንት እርምጃ አርቁት። እንጨቱ ተሰባሪ ነው፤ በለጋነቱ፣ በጂላል ተኝቶ ሳለ፣ አንድ ዋና ግንድ ትታችሁ ተፎካካሪውን ቅርንጫፍ ቁረጡለት፣ በኋላ ነፋስ አይገነጥለውም። ጥላው ሥር ሌላ ነገር እምብዛም አይበቅልም።

ደግሞ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ለዚህ ከማዳጋስካር ለመጣ እንግዳ የሥጋ ዘመዱ ቀድሞም እዚሁ የአፍሪካ ቀንድ ቆላ ውስጥ ነበር። ሶማሌዎች ሌቢ ይሉታል፤ የሳይንስ ስሙ ዴሎኒክስ ኤላታ ነው፣ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። አበባው ነጭ ሆኖ ይወጣና እያደር ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቅጠሉን ከብት ይበላዋል፣ እንጨቱ ለቤት ይሆናል፣ ጂላልን ከማንም አልተማረም። መንገድ ዳር ግን አንድም ቀን በሰልፍ ተተክሎ አላየሁትም። ቀይ ስላልሆነ ይሆን? በኤረር፣ በሽንሌ፣ በጅግጅጋም መንገድ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ቀይና ነጭ ሆነው ቢቆሙ ብዬ አስባለሁ።

ለመሞከር የምትፈልጉ፣ የቀዩ ዘር እንደ ድንጋይ ነው፣ እንዲሁ ከዘራችሁት ወራት ይተኛል። የፈላ ውሃ አውርዳችሁ አፍስሱበት፣ በዚያው ውስጥ እስከ ማግስቱ ይቆይ፣ ያበጠውን ዝሩ። ያላበጠውን በሞረድ ጫፉን ፋቅ አድርጋችሁ ድገሙት። መጋቢት ላይ ካፈላችሁት ለካራን ለመተከል ይደርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። የኤረር፣ የሁርሶ፣ የአፍደም ጣቢያ የድሮ ፎቶ ያላችሁ፣ የቤተሰብም ይሁን የሠርግ፣ ከጀርባ ዛፍ ከታየ ላኩልኝ። ከኋላው ላይ ዓመቱ ብቻ ሳይሆን ወሩም ተጽፎ ከሆነ ይበልጥ ደስ ይለኛል።